ማርሽ ያልቀደመው ዜና

«ዓይኑን ማነው የከደነለት?»

የፖሊሱ መቶ አለቃ ነጋሳ ሆራ አስከሬኑን ባየ ጊዜ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። የዜና ጣቢያው ዘበኛ አቶ ደሊል ባልዲያቸውን እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወላሂ እኔ አልነካሁትም። ውኃ ልቀዳ መጣሁ፣ አየሁት፣ ጮህኩ። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።»

«ከእርስዎ በፊት ወደዚህ ጓሮ የዞረ ሰውስ?»

«እኔ ለሱብሂ ሰላት መስጊድ ነበርኩ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የሄድኩት። ስመለስ ሁሉም ሥራ ላይ ነበሩ። ወደዚህ የመጣሁት ዜናው ካለቀ በኋላ ነው።»

ሟቹ አምባዬ ይባላል፤ የናዝሬት የሽቦ ዜና አዘጋጅ ነበር። ከጣቢያው ቤት ጀርባ፣ በሲሚንቶው የውኃ ገንዳና በግድግዳው መካከል፣ አንድ የቆመ መሰላል እግር ሥር በጀርባው ተጋድሟል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ላየው ሰው ከመሰላል የወደቀ ይመስላል። ነጋሳን የከነከነው አተኛኘቱ ነው። እግሮቹ ገጥመዋል፣ እጆቹ በጎንና በጎኑ ተዘርግተዋል፣ ዓይኖቹ ተከድነዋል። ከመሰላል የወደቀ ሰው እንዲህ አይጋደምም። እንዲህ የሚጋደመው ዘመድ ከቦት የሞተ ሰው ነው።

ነጋሳ በዚያች ጠባብ ጓሮ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ድሮም አንድ ቦታ የሚረጋ ሰው አይደለም፤ ወንበር ቢሰጡት ይዞረዋል እንጂ አይቀመጥበትም። ሚስቱ ምሳውን ቆሞ ስለሚበላ ትጣላዋለች፣ አለቆቹም ስብሰባ ላይ ከኋላ ስለሚንቆራጠጥ ይጣሉታል። እሱ ግን እግሩ ካልሄደ ሐሳቡም አይሄድለትም። ከገንዳው ጋ ሲደርስ ቆመ። ናዝሬት ውስጥ አቧራ ያልለበሰ ነገር የለም፤ ገንዳውም ዙሪያውን አቧራ ለብሷል። ጠርዙ ላይ ግን አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ንጹሕ ሆኖ ታጥቧል።

«ገንዳውን አጥበው ነበር?» አለ።

«ምን ልሁን ብዬ?» አሉ አቶ ደሊል።

የሽቦ ዜና ራዲዮ አይደለም። በመናኸሪያው አጠገብ ባለች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ማይክራፎን አለ፤ ከዚያ የሚነሳው ሽቦ በእንጨት ምሰሶ ላይ እየተንጠላጠለ ገበያው፣ መናኸሪያውና የጋሪ ማቆሚያው ድረስ ይሄዳል፤ በየቦታው ትልልቅ ማጉያዎች ተሰቅለዋል። ጠዋትና ማታ ይናገራል። ሰሚው ማጥፊያ የለውም። ሲጀምር የሰልፍ ማርሽ ይመታል፤ ከዚያ የደስታ መግለጫ ቴሌግራም ይነበባል፤ ከዚያ ሌላ ቴሌግራም፤ ከዚያ የምርት ዘመቻው። የከተማው ወሬ ጊዜ ከተረፈ በመጨረሻ ይመጣል፤ ጊዜ ደግሞ ተርፎ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማርሹ ቀረ። ማጉያው ተንሿሿ፤ ወዲያው የሴት ድምፅ «ደህና አደራችሁ» ብሎ ንባብ ጀመረ። ከተማው በአንድ ጊዜ ልቡ ቆመ። ቀይ ሽብሩ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ሰው ከለመደው ነገር አንዱ ሲጎድል የሚያስበው ክፉ ክፉውን ነው። ጋሪ ነጂዎች ፈረሶቻቸውን አቆሙ። ሴቶች ጨውና ክብሪት ለመግዛት ተጋፉ። የሁሩታ አውቶቡስ ሹፌር «መንግሥት ካለ ነው የምሄደው» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ካድሬው ጓድ ጆቴ ደግሞ ሸሚዙን በትክክል ሳይቆልፍ ሽጉጡን ይዞ ወደ ጣቢያው ሮጠ። እሱ ሲደርስ ዜናው አልቆ ነበር፤ ወዲያው የአቶ ደሊል ጩኸት ተሰማ።

አሁን ጆቴ ቁልፉን አስተካክሏል። ነጋሳን በሩ ላይ ጠበቀው።

«ምን ትዞራለህ? ነገሩ ግልጽ ነው። ቴክኒሻኑ ደገፋ ጴንጤ ነው። ዘፈን ኃጢአት ነው ብሎ ማርሹን ሊያስቀር አሴረ፤ አምባዬ ደረሰበት፤ ገደለው። ፀረ አብዮት ነው።»

«መርምሬ ልንገርህ፣ ጓድ ጆቴ።»

«መርምር። ከአዲስ አበባ መኪና ጠርቻለሁ። ሲደርስ ደገፋን ይዞ ይሄዳል።»

ነጋሳ ያችን መኪና ያውቃታል። እሷ ይዛ ከሄደቻቸው ሰዎች ተመልሶ ናዝሬት ውስጥ ሲራመድ ያየው ሰው የለም። በሩ ላይ የደገፋ ሚስት ጉዲቱ ልጇን አዝላ ቆማለች፤ አታለቅስም፣ አትጠይቅም፣ መንገዱን ብቻ ታያለች። ነጋሳ እሷን ላለማየት ቶሎ ብሎ ገባ። ተናደደ። የተናደደው በጆቴም፣ በመኪናዋም፣ ጊዜ በሌለው ሥራውም ነበር።

ደገፋን ያገኘው ከመሣሪያዎቹ ክፍል ነው፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆመውበታል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ በብየዳ የተቃጠሉ ሰው ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ደገፋ? ደህና አደርክ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ጌታ ይመስገን» አለና አብዮት ጠባቂዎቹን አይቶ ቃሉን ዋጠው።

«ማርሹ ለምን ቀረ?»

«የሸክላ ማጫወቻው መርፌ የለችም። ማታ ዘግቼ ስሄድ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ ጠዋት ስገባ ባዶ ነው።»

«ዘፈን አትወድም አሉ።»

«ቤቴ አልሰማም። እዚህ ግን እንጀራዬ ነው። በየጠዋቱ የማጫውተው እኔ አይደለሁም እንዴ? እጄ ያጫውታል፤ እኔ በልቤ እጸልያለሁ።»

«ማርሹን ማስቀረት ብትፈልግስ ኖሮ እንዴት ታደርግ ነበር?»

ደገፋ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ የሙያ ኩራት ያዘው። «እኔ? ከኋላ አንዲት ሽቦ ባላላ እስከ ፋሲካ ፈልገው አያገኟትም። መርፌ ምን ያስሰርቀኛል? መርፌ መጥፋቷን ማንም ሰው ያያል።»

«እሺ። መርፌዋ የለችም። ከዚያስ ምን አደረግህ?»

«ለኃላፊያችን ለጋሽ ገርባ ነገርኳቸው። ማርሹ በቴፕም ተቀድቷል፤ ቴፑን ልክፈት አልኳቸው። ‹ተወው፣ ዛሬ በንባብ ብቻ ይቅረብ› አሉኝ።»

ነጋሳ መሄዱን አቆመ። «ጋሽ ገርባ ናቸው ማርሹን ተወው ያሉት?»

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አለ ደገፋ።

የማይገርመው ሰው አልነበረም። አቶ ገርባን ናዝሬት ሁሉ ያውቃቸዋል። ማርሹ ሲጀምር ብቻቸውን ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው እንኳ ብድግ የሚሉ ሰው ናቸው። አንድ ቴሌግራም በስህተት እንዳይዘለል ሦስቴ ያስነብባሉ። ፈሪ ናቸው ብሎ የሚስቅባቸው ብዙ ነው፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም።

ዜና አንባቢዋ የሺዓለም የመሐረቧን ጫፍ እያኘከች ተቀምጣለች። ወደ ጣቢያው ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ ድምፅዋን ግን ከተማው ሁሉ ለምዶታል።

«ሰው ሁሉ ሰምቶኛል እኮ፣ መቶ አለቃ!» አለች ሳይጠይቃት። «ማርሹ ሲቀር አምባዬ የደበቀው መሰለኝ። ማይኩ መከፈቱን ረስቼ ‹አምባዬ፣ ማርሹን በላኸው እንዴ?› ብዬ ጮህኩ። መናኸሪያው ሁሉ ሳቀ አሉ። እሱ ለካ እዚያ ጓሮ…» አልቻለችም፤ አለቀሰች።

ነጋሳ «ለምን ይደብቀዋል ብለሽ አሰብሽ?» አላት።

«የዜናውን አቀራረብ ካልቀየርኩ ብሎ ስንት ጊዜው! መናኸሪያ ሄዶ ይቆም ነበር። ታውቃለህ… ያውቃሉ ምን ሊያይ? የሰው እግር። ‹የሺ፣ ቴሌግራም ስታነቢ ሰው ይሄዳል፤ ፍየል ጠፋ ስትዪ ይቆማል። እኛ እግር የሚያስቆመውን መጨረሻ አድርገን፣ የሚያስኬደውን መጀመሪያ አድርገናል› ይለኝ ነበር። ገልብጦ ሊሠራው ነበር። መጀመሪያ አንድ የአርሲ ዘፈን፤ ከዚያ የውኃ ወረፋው፣ የአውቶቡሱ መነሻ፣ የጤፍ ዋጋ፤ ቴሌግራሙ በመጨረሻ።»

«መጀመሪያ ዘፈን ነው ያልሽው?»

«አዎ። ሰው ጆሮውን ሳይሰጥህ ነገር አትንገረው ይል ነበር።»

«ዛሬ ነበር ሊጀምረው ያሰበው?»

የሺዓለም በሩን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዛሬ ነበር። ከዘፈኑ ቀጥሎ የሚፈለጉ ሰዎች ሊነበቡ ነበር። ቤተሰብ የሚፈልጋቸው፤ ያ ጊዜ ወጥተው የቀሩ። የመጀመሪያውን ስም አልነገረኝም። ‹አንድ ክፍል የተማርን ጓደኛዬ ነው። ለጋሽ ገርባ ድንገተኛ ደስታ ነው› ብቻ አለኝ።»

ነጋሳ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረና ወጣ።

አቶ ገርባ ጠረጴዛቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሻይ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ቀዝቅዟል። ግድግዳው ላይ የአንድ ጎረምሳ ፎቶግራፍ አለ፤ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሶ ይስቃል።

«ልጅዎ ነው፣ ጋሽ ገርባ?»

«ፈይሳ ይባላል። ኩባ ነው፤ ለትምህርት ሄዶ።»

«ከአምባዬ ጋር ይተዋወቃሉ?»

«አብረው ነው ያደጉት። አምባዬ አባትም እናትም የለው፤ ከኛ ቤት ነበር የሚበላው። ሥራውንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ነው ብልህ አልዋሸሁም።»

«ደገፋ ቴፑን ልክፈት ቢልዎ ተወው ብለዋል።»

«የአምባዬ አዲሱ አቀራረብ ነው ብዬ ነው። ዘፈን ያስቀረ መሰለኝ።»

«አዲሱን አቀራረብ ወደውለት ነበር?»

«በጭራሽ! ስንት ለመንኩት። ያስፈጀናል አልኩት።»

«ታዲያ ባልወደዱት ነገር ለምን ታዘዙለት?»

አቶ ገርባ ሊናገሩ ሲሉ ከውጭ የሴት ልቅሶ ተሰማ። ከወንበራቸው ተነሱና ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሚስታቸው ወይዘሮ ሸዋወርቅ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ በሩን አልፈው ይመጣሉ፤ ከኋላቸው ጎረቤቶቻቸው ተከትለዋቸዋል።

አቶ ገርባ ያን ጊዜ ያሳዩትን ቁጣ ነጋሳ ከሳቸው ጠብቆ አያውቅም።

«ማነው የነገራት? እንዲህ ነው እንዴ መርዶ የሚነገረው? መንገድ ላይ? ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ በማለዳ ሳይሆን፣ አጠገቧ የሚይዛት ሰው ሳይኖር? ልቧ ደካማ ነው! ሴትዮዋን ሊገድሏት ነው!»

«ደህና ይሆናሉ፣ ጋሽ ገርባ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?» ብለው ወደ ሚስታቸው ወጡ።

ነጋሳ ብቻውን ቀረና ፎቶግራፉን አየ። ፈርቶ የኖረ ሰው ዛሬ ሁለት ጊዜ ፍርሃቱን ረስቷል፤ አንድ ጊዜ ማርሹን ሲያስቀር፣ አንድ ጊዜ አሁን። ወደ ጓሮ ተመለሰ። መሰላሉ የተደገፈበትን ግድግዳ ቀና ብሎ ተመለከተ። ማጉያ የለም፣ ሽቦም የለም። አንድ የዛገ ሚስማር ብቻ ወጥቶ ይታያል።

«አቶ ደሊል፣ ይህ ሚስማር ምንድነው?»

«ሽቦው ድሮ በዚህ ነበር የሚወጣው። ባለፈው ክረምት ውኃ እየገባበት ሲያስቸግር ደገፋ ወደ መንገዱ በኩል አዞረው።»

«ለመሆኑ ጋሽ ገርባ ወደዚህ ጓሮ ይዞራሉ?»

«ኦቦ ገርባ? እሳቸው በፊት በር ገብተው በፊት በር ነው የሚወጡት።»

በዚህ መሃል ከመንገዱ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ጉዲቱ በሩ ላይ ጮኸች፤ ከጠዋት ጀምሮ ያሰማችው የመጀመሪያ ድምፅ ነበር። ነጋሳ እየሮጠ ገባ። ጆቴን የደገፋን ክንድ እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ አገኘው።

«ጥቂት ደቂቃ ስጠኝ» አለ ነጋሳ። «ሁሉንም ሰው ማንበቢያው ክፍል ሰብስብልኝ። ከተሳሳትኩ እኔንም መኪናዋ ላይ ጫነኝ።»

ጆቴ ሳቀ። «ቃልህን እንዳትረሳ።»

ማንበቢያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ድምፅ እንዳያልፍ ግድግዳው በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ሙቀቱ አያስተነፍስም። ደገፋ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ቆመ። የሺዓለም ማይክራፎኑ አጠገብ፣ አቶ ደሊል በሩ ላይ፣ አቶ ገርባ ጥግ ሆኑ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሳይጠሩ ገቡና መሬት ላይ ተቀመጡ። አቶ ገርባ «እሷ ትውጣ፣ እባካችሁ» አሉ፤ ሴትዮዋ አልተነሱም። ነጋሳም ቢወጡለት ደስ ባለው። ምን ሊናገር እንደሆነ ያውቃል፤ መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ነገሩ እንዲያልቅለት ደግሞ አጥብቆ ይመኛል።

«አምባዬ ከመሰላል አልወደቀም» ብሎ ጀመረ። «የወደቀው ገንዳው ጠርዝ ላይ ነው። ተገፍቶ። ጠርዙ ታጥቧል፤ አቶ ደሊል አላጠቡትም። የገፋው ሰው አስከሬኑን ወስዶ ግድግዳው ሥር አስተኛው፤ መሰላል አቆመበት። ይህን ያደረገው ማነው? ጓድ ጆቴ ደገፋ ነው ይላል።»

«ነዋ!» አለ ጆቴ።

«መሰላሉ የቆመው የድሮው ሽቦ በነበረበት ነው። እዚያ አሁን የሚጠገን ነገር የለም። ሽቦውን ያዞረው ደገፋ ራሱ ነው። ሽቦ ሲጠግን ወደቀ ለማስባል የፈለገ ቴክኒሻን ሽቦ የሌለበት ግድግዳ ላይ መሰላል ያቆማል?»

አንደኛው አብዮት ጠባቂ ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ። ጆቴ ገላመጠው።

«ይህን የሚያደርገው ድሮ ሽቦው የት እንደነበር የሚያውቅ፣ ከዚያ መነሳቱን ግን የማያውቅ ሰው ነው። የሺዓለም የመጣችው ከክረምቱ በኋላ ነው። አንተም፣ ጓድ ጆቴ፣ ወደዚህ ከተማ የተዛወርከው ከዚያ ወዲህ ነው። አቶ ደሊል ደግሞ ውኃ ሲቀዱ ባዶውን ግድግዳ በየቀኑ ያያሉ።»

አቶ ገርባን ማንም አላያቸውም። ሁሉም ላለማየት ይጥር ነበር።

«ሁለተኛው መርፌዋ ናት። ደገፋ ማርሽ ማስቀረት ቢፈልግ የተሻለ ዘዴ አለው። መርፌ የሚወስደው መሣሪያ የማያውቅ ሰው ነው። ግን ሰው ገድሎ የተደናገጠ ሰው መርፌ ምን ያደርግለታል? ይህ ነው ከጠዋት ጀምሮ እግሬን ሲያዞረኝ የዋለው። በኋላ ዓይኖቹ ትዝ አሉኝ። ገዳዩ ዓይኑን ከድኖለታል። እጅና እግሩን አስተካክሎለታል። እናንተስ ጎረቤታችሁ ሞቶ አስከሬኑ ሳይወጣ ራዲዮ ትከፍታላችሁ? ልጃችሁ ጓሮ ተጋድሞ ማርሽ ታስመታላችሁ?»

የሺዓለም አፏን በእጇ ያዘች።

«ማንም ሰው መሞቱን ገና አያውቅም። ስለዚህ ‹ዘፈን አቁሙ› ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ ራሱን ያጋልጣል። መርፌዋን ወሰደ። ደገፋ ግን ቴፑን አስታወሰ። ያን ጊዜ አንድ ሰው፣ ማርሽ ሲመታ ብቻውን ብድግ የሚል ሰው፣ ‹ተወው› አለ። በአምባዬ አዲስ አቀራረብ አመካኘ፤ በአዲሱ አቀራረብ ግን መጀመሪያው ዘፈን ነበር።» ነጋሳ ወደ ጥጉ ዞረ። ድምፁ ለሰለሰ። «መርፌዋን ይስጡኝ፣ ጋሽ ገርባ።»

አቶ ገርባ እጃቸውን ወደ ኮታቸው የደረት ኪስ ሰደዱ። በመሐረብ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ልጁን ልቀቁት።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ባላቸውን ቀና ብለው አዩ።

ጆቴ ግን መርፌዋንም አላያት። «ለምን?» አለ። «ይህ ሰውዬ አምባዬን እንደ ልጁ ነው ያሳደገው። ምን ምክንያት አለው?»

«በዜናው አቀራረብ ተጣላን» አሉ አቶ ገርባ።

«ሰው ለዜና ቅደም ተከተል ብሎ ልጁን ይገድላል? ጨዋታ መሰላችሁ? ሽማግሌው ለጴንጤው አዝኖ ነው። ምክንያት የሌለውን ኑዛዜ አዲስ አበባ ይዤ ብሄድ ይስቁብኛል። ውሰዱት!»

አብዮት ጠባቂዎቹ ደገፋን ወደ በሩ ሳቡት። ደገፋ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አቶ ገርባ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ቆሙ። ነጋሳ ምክንያቱን ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ደገፋ ይድናል፤ ቃሉ ግን እዚያ መሬት ላይ የተቀመጡት ሴት ላይ ነው የሚወድቀው። ሥራው እንደዚያ ቀን አስጠልቶት አያውቅም። ፊቱን ወደ የሺዓለም መለሰ።

«የሺዓለም፣ ዛሬ መጀመሪያ ሊነበብ የነበረው ምን ነበር?»

«የ… የሚፈለግ ሰው» አለች እየተንተባተበች። «ስሙን አልነገረኝም። አንድ ክፍል የተማርን ጓደኛዬ ነው አለኝ።»

መልሱን የሰጡት ወይዘሮ ሸዋወርቅ ናቸው።

«ፈይሳ ነው፤ አንድ ክፍል የተማሩት እሱና አምባዬ ናቸው» አሉ። «የመጀመሪያው ስም የኔ ልጅ ነበር።»

«ሸዋ፣ ተይ!» አሉ አቶ ገርባ። «እሱ ኩባ ነው፣ ሰላም ነው፣ ባለፈው እንኳ ሰላም ብሎሻል…»

«ገርባ፣ ይብቃን» አሉ ሴትዮዋ። «ፈይሳ ኩባ አልሄደም። አንተ ለትምህርት ላኩት ባልከኝ ሰሞን የት እንዳሰሩት ሰው ነግሮኝ ስንቅ እወስድለት ነበር፤ አንተ ሥራ ስትሄድ። አንድ ቀን በሩ ላይ ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አሉኝ። ምን ማለት እንደሆነ ለማን ይጠፋዋል? አመድ ሆኜ ቤት ገባሁ። አንተ ማታ መጥተህ ‹ልጁ ኩባ ደረሰ፣ ሰላም ብሎሻል› አልከኝ። ፊትህን አየሁት። አላውቅም ብዬ ዝም አልኩ። በየበዓሉ ‹ልጁ ምን አለ?› እያልኩ የምጠይቅህ አንተን እንዲቀልህ ብዬ ነበር።»

አቶ ገርባ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ መሬት ወረዱ።

«ለእኔም እዚያው በር ላይ ነው የነገሩኝ» አሉ። «ስንቅ ይዤ ሄጄ። ‹ከእንግዲህ አታምጣ› አሉኝ።» የሚናገሩት ለሚስታቸው ነበር፤ ሌላው ሰው የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። «ዛሬ በማለዳ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ፈልጌው ወደ ጓሮ ብዞር ገንዳው ጋ ፊቱን ሲታጠብ አገኘሁት። ሳቀልኝ። ‹ደስ ይበልዎት፣ ጋሽ ገርባ፣ ፈይሳን በማጉያው እናፈላልገዋለን› አለኝ፤ የኩባውን ወሬ ለካ አላመነም። ገበያ መሃል ሽንኩርት ስትመርጪ ማጉያው ስሙን ሲጠራብሽ ታየኝ። ብቻሽን፤ የሚይዝሽ ሰው ሳይኖር። ተው አልኩት። ‹እናቱ መብት አላት› አለኝ። ሞቷል ብዬ ልነግረው ፈለግሁ፤ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ አልወጣ አለኝ። ሊገባ ሲል ያዝኩት፤ ሲታገለኝ ገፋሁት። ሸዋ፣ ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም…»

ጆቴ ወለሉን ያይ ነበር። እዚያ በር ላይ የሚባለውን ቃል እሱም ያውቀዋል፤ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ናቸው የሚሉት።

«ልቀቁት» አለ ቀና ሳይል።

ደገፋ እጁ ሲለቀቅ ወደ በሩ አልሮጠም። ጎንበስ ብሎ አቶ ገርባን ከመሬት አነሳቸው፤ ለነጋሳም ያስረከባቸው እሱ ነው። ከውጭ የጉዲቱ ድምፅ «ደገፋ! ደገፋ!» እያለ ተሰማ፤ ያን ጊዜ ወጣ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ባላቸው በፖሊስ ተይዘው ሲያልፉ እጃቸውን ዘርግተው የኮታቸውን እጅጌ ነኩ፤ ወዲያው ተውት። ከዚያም ብርድ ልብስ በለበሰው ክፍል መሃል ቆመው እነዚያን ዓመታት ሁሉ ያልጠሩትን የልጃቸውን ስም በሙሉ ድምፃቸው ጠሩ። ደረታቸውን መቱ።

ግቢውን ሞልተው የተቀመጡት ሴቶች ለአምባዬ መስሏቸው በልቅሶ ተቀበሏቸው።